ጦርነቱ ነው ወይስ ትግሉ? እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የብሪታንያ ሴቶች የመምረጥ መብት ትግል ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ አንድ ምዕራፍ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ፤ ጥያቄው መብቱን ያስገኘው ጦርነቱ ነው ወይስ ከዚያ በፊት የነበረው ትግል የሚለው ነው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

ብዙ ቦታ የማነበው "በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጥይት ፋብሪካ ስለሠሩ በ1918 እ.ኤ.አ. መብቱ ተሰጣቸው" የሚል ነው። ግን ሕጉ የፈቀደው ዕድሜያቸው 30 ለሞላና የንብረት መስፈርት ለሚያሟሉት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሲደክሙ ከዋሉት ብዙዎቹ ደግሞ ወጣቶች ነበሩ! እንደ ወንዶቹ በ21 ዓመት መምረጥ የተፈቀደው በ1928 ነው። ሽልማት ከነበረ እነሱን ለምን ዘለላቸው? ደግሞም የምርጫ ሕጉ የተሻሻለው ግንባር የሄዱ ወታደሮች በአንድ ቦታ መኖርን በሚጠይቀው መስፈርት ምክንያት ድምፅ እንዳያጡ ጭምር ነው።

ከትግሉ መሪዎች መካከል የነበረው የፓንክኸርስት ቤተሰብም ግራ አጋብቶኛል። እናትየው ኤመሊንና ልጇ ክሪስታቤል በ1914 ትግሉን አቁመው ከመንግሥት ጎን ቆሙ። ሌላዋ ልጇ ሲልቪያ ግን ጦርነቱን ተቃወመች፤ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ለድሆች ርካሽ ምግብ ቤት ከፈተች፣ ከጓደኞቿ ጋር አንድ መጠጥ ቤት ወደ እናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ቀየረች። አዎ፣ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ያረፈችው ሲልቪያ ናት፤ ልቤ ወደ እሷ ያደላል፣ አልደብቅም።

አማካሪዬ "አቋምሽን ለይተሽ ጻፊ" ብሎኛል። ከ1914 በፊት የነበረውን ትግልና ጦርነቱን እንዴት ላመዛዝናቸው? ምዕራፉን ከ1918ቱ ሕግ ብጀምርና ወደ ኋላ ብሄድ ያስኬዳል? ታሪክ ያጠናችሁ እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ፣ የማስረክበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።