ልጄ ቢጫ ሆነብኝ፣ ፀሐይ ማሞቅ ይበቃዋል?

አዲስ እናት
ሰላም ናችሁ? ልጄ ከተወለደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ፊቱ ብቻ ነበር ቢጫ፣ ዛሬ ዓይኑም ደረቱም ሆኗል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው ትለኛለች፣ ሌላ ሰው ደግሞ ስኳር ውሃ ስጪው አለኝ። ይጠባል፣ ግን እንቅልፍ አብዝቷል። ልጠብቅ ወይስ ልውሰደው?

ነርሷ
እንኳን ማርያም ማረችሽ! ቢጫ መሆኑ ብዙ አራስ ላይ የሚታይ ነው። ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል፣ የአራስ ጉበት ደግሞ ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም። አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ታይቶ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል።
ያንቺው ግን ወደ ደረቱ ወርዷል፣ እንቅልፍም አብዝቷል፤ ዛሬውኑ ይለካ። በዓይን መገመት ያሳስታል፣ ጠየም ያለ ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስኳር ውሃውን ተዪው። ቢሊሩቢን በብዛት የሚወጣው በሰገራ ነው፣ ሰገራ የሚያስወጣው ደግሞ ጡት ነው።

የሦስት ልጆች እናት
ልጅቷን አታስደንግጧት እንጂ! እኔ ሦስቱንም ፀሐይ አሙቄ ነው ያሳደግኩት።

ነርሷ
እትዬ፣ የእርስዎ ልጆች ምናልባት ፀሐይ ባይሞቁም ይለቃቸው ነበር። ቢሊሩቢኑ በጣም ከፍ ያለበት ልጅ ግን ጭንቅላቱ ሊጎዳ ይችላል፣ ያ ጉዳት አይመለስም። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ቀጭን ጩኸት ከጮኸ ወይም ጀርባውን ወደ ኋላ ከለጠጠ አንድ ሰዓትም አይጠበቅም። ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በተለይ ሰገራው ነጣ ካለ፣ የሐሞት ቱቦ ችግር ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

አባወራው
የኛ ልጅ ሰማያዊ መብራት ስር ገብታ ነበር። ዓይኗን ሸፍነው በዳይፐር ብቻ ያስተኟታል፣ ለመጥባት ትወጣለች። ብርሃኑ ቢሊሩቢኑን በቀላሉ እንዲወጣ አድርጎ ይለውጠዋል አሉን። ሰገራዋ ቀጠን ብሎ አረንጓዴ ሲሆን ደንግጠን ነበር፣ ለካ የተለመደ ነው። ስታይው ሆድ ይበላል እንጂ አያማቸውም።

አዲስ እናት
እሺ፣ ልብስ እየለበስን ነው። እስክንደርስ ከተኛ ልቀስቅሰው?

ነርሷ
አዎ፣ ቀስቅሰሽ አጥቢው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ስትደርሺ በስንት ሰዓት እንደተወለደ ንገሪያቸው፣ የሚለካው ቁጥር የሚተረጎመው በዕድሜው ነው። የደም ዓይነትሽንም አትርሺ።