ባለቤቴ ልትወልድ 6 ሳምንት ሲቀራት የጀልባችን ሙቅ ውሃ ተቋረጠ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የሊ ቦይ ነዋሪ፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ለንደን ውስጥ በሊ ወንዝ ቦይ ላይ፣ ቶተንሃም ሄል አካባቢ፣ ናሮውቦት በሚባለው ጠባብ የብረት ጀልባ ውስጥ ስንኖር ይህ ሁለተኛው የብርድ ወራታችን ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትገላገል 6 ሳምንት ያህል ቀርቷታል።

እስካሁን ሙቅ ውሃ የምናገኘው በሁለት መንገድ ነበር። የመጀመሪያው ካሎሪፋየር የሚባለው 55 ሊትር የሚይዝ ጋን ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ የሚግለው የማቀዝቀዣ ውሃ በጋኑ ውስጥ በተጠመጠመ ቱቦ እያለፈ የምንታጠብበትን ውሃ ያሞቅልናል። ሁለተኛው በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ ነው፤ ሞተር ማስነሳት በማንችልበት ሰዓት ያንኑ ጋን ያሞቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ መካኒክ የሚያፈስ የሞተር ቱቦ ቀይሮልን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩን አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ባሠራው እንኳ ከቧንቧው የሚወርደው ለብ ያለ ውሃ ብቻ ነው። በዚሁ ሳምንት ውርጩ በረታና የናፍጣ ማሞቂያውም እምቢ አለ፤ ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። መካኒኩን ደጋግሜ ብደውልለትም ስልኩን አላነሳ ብሎኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝን ልንገራችሁ። እናቴ ከጎንደር በየሁለት ቀኑ እየደወለች «ለአራሷ ሙቅ ውሃ እንደ ልብ አላችሁ ወይ?» ትለኛለች። አለን እላታለሁ። የምንኖረው በጀልባ መሆኑን ግን እስካሁን አልነገርኋትም። ከየት ልጀምር?

የብራውንስተኑ ጠጋኝ፦

ወንድሜ፣ እኔ በግራንድ ዩኒየን ካናል ዳር የጀልባ ሞተር ስጠግን 9 ዓመት ሆኖኛል። ያጋጠመህ ሁለት የተለያየ ብልሽት ነው፤ በአንድ ሳምንት ስለተገናኙ አንድ አይምሰሉህ።

መጀመሪያ ጋኑን እንይ። ሞተሩን 20 ደቂቃ አሠራውና ወደ ጋኑ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ጫፍ ጫፋቸውን በጥንቃቄ ዳስሳቸው። ሁለቱም የጋሉ ከሆነ ሙቀቱ ጋኑ ድረስ ደርሷል ማለት ነው፤ ችግሩን ሌላ ቦታ እንፈልገዋለን። አንደኛው ግሎ ሌላኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን አየር ታስሯል። ቱቦ ተቀየረ ስላልኸኝ እኔ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። ውሃው ሲፈስና እንደገና ሲሞላ አየር መግባቱ አይቀርም፤ በጀልባ ውስጥ ደግሞ ቱቦው ከሞተሩ ክፍል ወጥቶ ከፍ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ አየሩ ከፍ ባለው ቦታ ተቀምጦ የጋለውን ውሃ አላሳልፍም ይላል።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ የማቀዝቀዣውን ክዳን ፈጽሞ እንዳትከፍት፤ ፊትህን ያቃጥልሃል። ሲበርድ ክፈተውና ውሃና አንቲፍሪዝ (ውሃው በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመር ፈሳሽ) እኩል በእኩል አደባልቀህ የጎደለውን ሙላ። ከዚያ ቱቦው ከፍ ባለበት ቦታ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ግማሽ ዙር ላላ አድርገው። መጀመሪያ እፍ ይላል፣ ቀጥሎ አረፋ የበዛበት ውሃ ይተፋል፤ አረፋው አልቆ ውሃው ቀጥ ብሎ ሲወርድ መልሰህ አጥብቀው። አንድ ጊዜ ካልበቃ ነገም ድገመው። ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ስለሆነች አንድ ነገር ልጨምር፦ አንቲፍሪዝ መርዝ ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ የሚፈስበት ሳይታይ እየደጋገመ የሚጎድል ከሆነ በጋኑ ውስጥ ያለው ጥምጥም ቱቦ ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪታይ ድረስ ከሙቅ ውሃው መስመር ምንም እንዳትጠጡ፣ እንዳታበስሉበትም።

አሁን ወደ ናፍጣ ማሞቂያው። ነጭ ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ይህ ማሞቂያ ሲነሳ እሳቱን የሚለኩሰው ክፍል ከባትሪው ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። በዚህ ወር የፀሐይ ፓነል የሚሰጥህ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጠዋት ባትሪህ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሹ ያህል አልቋል። ማሞቂያው በሚነሳባት ደቂቃ ቮልቱ ራሱ ማሞቂያው ጋ ሲለካ ወደ 10 ቮልት ተኩል ከወረደ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ምንም ነገር ሳትፈታ አስቀድመህ ሞተሩ እየሠራ ማሞቂያውን አስነሳው። ያን ጊዜ ባትሪው ወደ 14 ቮልት ስለሚያገኝ፣ ማሞቂያው ተነስቶ ከጸና ጥፋቱ የባትሪው ወይም የሽቦው ነው። ያኔም ጭሶ ከጠፋ ናፍጣው በትክክል አይደርሰውም፣ አለዚያም ውስጡ በጥላሸት ተደፍኗል። አሥር አሥር ደቂቃ ብቻ እያሠሩ የሚያጠፉት ማሞቂያ ጥላሸት ይይዛል፤ ከተነሳ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሊሠራ ይገባዋል።

ሁለት ልጆች በጀልባ፦

እኔ ደግሞ የማውቀውን የሕግ ነገር ላካፍል፤ ሙቅ ውሃውንም የሚነካ ነው። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በ1995 በወጣው የብሪቲሽ ዋተርዌይስ አዋጅ በአንቀጽ 17 መሠረት በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ በተከታታይ መቆየት የለበትም፤ አዋጁ ግን እንደ ሁኔታው ምክንያታዊ የሆነ ረዘም ያለ ጊዜንም ይፈቅዳል። ቦዮቹን ከ2012 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት በመመሪያው የሞተር ብልሽትን፣ የማያሳልፍ በረዶንና ከባድ ሕመምን በምክንያትነት ይጠቅሳል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ያጋጠመህን ብልሽትና ባለቤትህ መውለጃዋ መድረሱን በጽሑፍ አሳውቃቸው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ከማስረዳት አስቀድሞ መጻፍ እጅግ ይሻላል።

ሞተርን ለሙቅ ውሃ ማሠራትም ሰዓት አለው። ሌሎች ጀልባዎች ባሉበት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞተር አይሠራም። እኔ ልጆቼን ሳሳድግ ሞተሩን የማስነሳው ልክ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነበር፤ ጋኑ በደንብ ስለተሸፈነ ውሃው እስከ ማታ ይሞቅ ነበር። የአንተ ጋን ሽፋኑ የሳሳ ከሆነ አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልልበት።

የዘጌ ልጅ፦

ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔ የምኖረው ሊድስ ነው፤ ከሥራ ስመለስ በሊድስና ሊቨርፑል ካናል ዳር ነው የማልፈው፤ ጀልባዎቹ ጭስ እየተነፈሱ ተደርድረው ሳይ አባቴ ከደንገል ያሠራት የነበረችው ታንኳ ትዝ ትለኛለች። ጣና በረዶ አያውቅም። ታንኳዋ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ ፀሐይ ላይ ትሰጣለች፤ ስትደርቅ ተመልሳ ትቀላለች። እዚህ ግን በጥር ወር ቦዩ ላይ የረጋው በረዶ ጀልባ ሲሰብረው መስታወት የሚደቅቅ ያህል ይጮኻል።

ወንድሜ፣ ለእናትህ ለምን እንዳልነገርኻት ይገባኛል። እኔም በየወሩ ለእህቴ ቤት መሥሪያ ብር እየላክሁ በምን ዓይነት ክፍል ውስጥ እንደማድር ተናግሬ አላውቅም። ቆርቆሮው ተመታ፣ በሩ ተገጠመ እያለች ፎቶ ትልክልኛለች፤ እኔ ደግሞ ማሞቂያዬን አጥፍቼ በጃኬት ተኝቼ ፎቶውን አያለሁ። ምናልባት አንተም ኪራዩን ሽሽት ነው ጀልባ የገባኸው።

ጡረተኛዋ አዋላጅ፦

ልጄ፣ እኔ በዚህ አገር ለረጅም ዓመታት በአዋላጅ ነርስነት ሠርቻለሁ። ስለ ውሃው መጠን ብዙ አትጨነቅ። አራስ ሕፃን በየቀኑ ገላው መታጠብ የለበትም፤ ፊቱን፣ አንገቱን፣ እጁንና መቀመጫውን በለብ ያለ ውሃ በጥጥ መጥረግ ይበቃዋል። ሲታጠብም ውሃው ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ይሁን፤ የሚተኛበት ክፍል ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። ለእናቲቱ የሚያስፈልገው ውሃ በድስትም ይሞቃል። አዋላጇ ከወሊድ በኋላ ቤት ድረስ መምጣት ስላለባት ጀልባው የታሰረበትን ቦታ ከቅርቡ ድልድይ ቁጥር ጋር አስመዝግብ፤ ከተንቀሳቀሳችሁ የዚያኑ ዕለት ደውል። ጠቅላላ ሐኪም ጋ ለመመዝገብም የአድራሻ ማስረጃ የግድ እንዳልሆነ እወቅ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ አራስ ልጠይቅ በሄድሁበት ቤት ለቡናውና ለዕጣኑ ከሰል ተያይዞ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። አራሷ ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ስትል ሁላችንም የወሊድ ድካም መሰለን። ከዚያ የእኔም ጉልበት ከዳኝ። በሩን ከፍተን አየር ስናስገባ ነው የገባን። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ያ ሰፊ ሳሎን ነበር፤ የእናንተ ቤት ወርዱ ሁለት ሜትር ነው። ጀልባ ውስጥ የቡናና የዕጣን ከሰል እንዳታስገቡ፤ ጀበናው በጋዝ ምድጃው ላይ፣ መስኮት ተከፍቶ ይፈላ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከ2019 ጀምሮ በጀልባ ደኅንነት ምርመራ ግዴታ ሆኗል፤ ያላችሁ ከሆነ ቁልፉን ተጭነህ መሥራቱን አሁን አረጋግጥ።

እኔን ከጠየቅኸኝ ግን ቢያንስ እስከ ክርስትናው ድረስ አራሷን ከጀልባው አውጣት። ሙቅ ውሃ ዛሬ ቢጠገን ነገ ይበላሻል።

ሁለት ልጆች በጀልባ፦

እትዬ፣ ስለ ከሰሉ ያሉት ትክክል ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። «አውጣት» የሚለውን ግን አልቀበለውም። ሁለቱንም ልጆቼን የታቀፍሁት በጀልባ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በተከራየሁት ክፍል ግድግዳው ሻጋታ ያወጣ ነበር፤ ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ሲበላሽም አከራዩ ሦስት ሳምንት አቆይቶናል። በጀልባ ቢያንስ ብልሽቱን በራሴ እጅ አገኘዋለሁ። ሰው የተመቸው ቤት ሞልቶት አይደለም ጀልባ የሚገባው።

ጡረተኛዋ አዋላጅ፦

ልጄ፣ ድህነትን አልናቅሁም። ስንት ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ነገር ግን አንቺ የተወጣሽው ሁሉ ለመጀመሪያ ልጇ በጥር ውርጭ ለምትወልድ ሴት ይቀላል ማለት አይደለም።

ሁለት ልጆች በጀልባ፦

እኔም የመጀመሪያዬን የወለድሁት በየካቲት ነበር። እርሷን ሳትጠይቁ ስለ እርሷ መወሰን ተገቢ አይመስለኝም። ባለቤቱ ራሷ ምን ትላለች?

የብራውንስተኑ ጠጋኝ፦

ይቅርታ ላቋርጣችሁ፤ ትንበያው ዛሬ ሌሊት ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ነው ይላል። ወንድሜ፣ ከጀልባው ወጥታችሁ ለማደር ከወሰናችሁ እንዲሁ ዘግታችሁ አትሂዱ። የውሃ ፓምፑን አጥፋ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፈት፣ ጋኑን በሥሩ ባለው መክፈቻ አፍስሰው፣ የሻወሩንም ቱቦ አውርደህ አራግፈው፤ ቧንቧዎቹንም ተከፍተው ተዋቸው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ መጀመሪያ የሚሰነጥቀውም ፓምፑንና የሻወሩን መደባለቂያ ነው። የመጠጥ ውሃው ታንከር አብዛኛውን ጊዜ ከቦዩ ውሃ ከፍታ በታች ስለሚቀመጥ ቶሎ አይረጋም። እዚያው የምታድሩ ከሆነ ጭሱን በጭስ ማውጫ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ካላችሁ ሌሊቱን ሙሉ አታጥፉት፤ ቱቦ የሚያልፍባቸውን ቁም ሣጥኖች በር ከፍታችሁ እደሩ።

አንድ መፍትሔም አለ። የጀልባ ማቆሚያ ውስጥ በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ከታሰራችሁና ጋናችሁ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንግ ካለው፣ ባለ 1 ኪሎዋት ዘንግ 55 ሊትሩን ከቀዝቃዛ ተነስቶ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ሞተርም ናፍጣም አያስፈልጋችሁም።

የሊ ቦይ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ጋሼ እንዳሉኝ ሞተሩን አስነስቼ ቱቦዎቹን ዳሰስሁ፤ የላይኛው እጅ አያስነካም፣ የታችኛው እንደ ቦዩ ውሃ ይቀዘቅዛል። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ውሃውን ሞላሁና አልጋችን ሥር ያለውን ብሎን ፈታሁ፤ ባለቤቴ ባትሪ ይዛ ታበራልኝ ነበር። ረጅም ሰዓት እፍ ሲል ቆየ፤ ከዚያ ሰማያዊው ውሃ አረፋውን ጨርሶ ወረደ። ሞተሩን መልሼ አስነስቼ የታችኛውን ቱቦ ስይዘው ቀስ እያለ ጋለ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ በዘጠኝ ቀኗ ፀጉሯን ታጠበች። የማቀዝቀዣውን ውሃ መጠን በመስመር ምልክት አድርጌበታለሁ፤ እንዳይጎድል በየጠዋቱ አየዋለሁ።

የናፍጣ ማሞቂያው ግን አልገባኝም። ሞተሩ እየሠራ ሳስነሳው ያለ ጭስ ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠራ፤ ከዚያ ሳልነካው ጠፋ። ባትሪው ነው እንዳልል ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ጥላሸት ነው እንዳልል በደንብ ሲያሞቅ ነበር። ቮልቱን የምለካበት መሣሪያ የለኝም። ቶተንሃም ወይም ሃክኒ አካባቢ ያለ፣ መልቲሜትር ያለው ወንድም ቅዳሜ ብቅ ቢልልኝ ባለውለታው ነኝ።

እትዬ፣ ማስጠንቀቂያ መሣሪያውን ተጭኜዋለሁ፤ ይጮኻል። ባለቤቴን እህታችን እንዳለችው ጠየቅኋት። መውጣት አትፈልግም፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ማቆሚያ ለሁለት ወር ከተገኘ ግን ትስማማለች። ነገ ሁለት ቦታ ደውዬ ዋጋውን እጠይቃለሁ። ለእናቴ ገና አልነገርኋትም።