በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ሳምንቱን እንዲያደርሰን ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ የሄርማታ እናት
የተከበራችሁ የጅማ ልጆች፣ ስድስት ሆነን በአንድ ግቢ እንኖራለን። ውሃ በመጣ ዕለት አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜልና አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንሞላም ቀጣዩ ፈረቃ ሳይደርስ ያልቅብናል። ልጆቼን እጃቸውን ሲታጠቡ መቆጣት ጀምሬአለሁ፤ ንጽሕናቸው እንዳይጓደል ግን እሰጋለሁ። ቆጣሪውም ከምንጠቀመው በላይ የሚቆጥር ይመስለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የቧንቧ ሠራተኛ
እህቴ፣ ልጆቹን ከመቆጣትዎ በፊት ቆጣሪውን ይመርምሩ። ውሃ ባለበት ሌሊት፣ በርሜሉና ጀሪካኖቹ ከሞሉ በኋላ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው በቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉ፤ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና ያንብቡት። ከተለወጠ፣ ውሃው ሳታዩት የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው።

በሥራዬ ደጋግሜ ያገኘሁት ጥፋተኛ ድምፅ ሳያሰማ የሚያፈሰው የሽንት ቤት የውሃ ሳጥን ነው። ከጀበና የተረፈ ጥቁር ቡና ሳጥኑ ውስጥ ጨምረው፣ ውሃ ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ከታች ያለው ጎማ አልቋል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለም ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጡና ይለኩት፤ በቀን 10 ሊትር የሚያንጠባጥብ ከሆነ በወር 300 ሊትር፣ ማለትም 15 ጀሪካን ይወስድብዎታል። ይህ ሁሉ የሚድነው ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ጎሚኒ በመቀየር ነው።

መልስ፦ ከጅሬን
በእጅ መታጠብ ላይ አይቆጥቡ፤ በጆግ ከማፍሰስ ይልቅ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ይጠቀሙ፣ ልጆቹም ሳሙና ሲያሹ ይዝጉት። የልብስ ማለቅለቂያውን ውሃ እኔ ለሚቀጥለው ልብስ ማጠቢያ፣ ከዚያም ለሽንት ቤት አደርገዋለሁ። በረኪና የነካውን ግን ጎመን አላጠጣበትም።

መልስ፦ አሸንዳ የገጠመ ጎረቤት
በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብባት ከተማችን የጣሪያችን ውሃ በከንቱ ወደ አዌቱ ወንዝ ሲወርድ ማየት ያንገበግበኛል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ 800 ሊትር ይሰጣል፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 32 ጀሪካን ይሞላል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ያፍስሱት። በርሜሉን የወባ ትንኝ እንዳይራባበት በክዳን ወይም በወንፊት ጨርቅ አጥብቀው ይሸፍኑት። የዝናቡን ውሃ ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ካዋሉት፣ የቧንቧው ለመጠጥና ለምግብ ይተርፍልዎታል።

ጠያቂዋ፦ የሄርማታ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ቡናውን ሞከርኩት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መቀመጫው ጠቆረ። ጎማውን ዛሬ እናስቀይራለን፤ ስለ አሸንዳው ደግሞ አከራያችንን አነጋግሬ፣ ወጪውን እንድንካፈል ተስማምተዋል። ልጆቼን ያለ ጥፋታቸው በመቆጣቴ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ።