አማካሪዬ ወደ ውጭ ሄደዋል፣ የመምህራኑ ገጽ ባዶ ነው፣ ቅጹ ነገ ዓርብ ይዘጋል

አራት_ኪሎ_ተራ_ጠባቂ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:20

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጥያቄዬ እገባለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ አማካሪ በዚህ ሳምንት ለትምህርት ወደ ውጭ አገር በመሄዳቸው ሌላ አማካሪ እንድመርጥ ተነግሮኛል። የምሞላው ቅጽ የሦስት መምህራንን ስም በቅደም ተከተል እንድጽፍና በየስማቸው ትይዩ «የመምህሩ የትምህርት ዝግጅት፣ የሥራ ልምድና የጥናት ዝንባሌ ከርዕስዎ ጋር ያለው ግንኙነት» የሚለውን ሣጥን እንድሞላ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ተጽፎ የነበረበት የትምህርት ክፍሉ ገጽ ግን ከትናንት ጀምሮ ስምና ማዕረግ ብቻ ያሳያል፤ ስሙን ስጫነው ነጭ ባዶ ገጽ ይመጣል። በስልክም በኮምፒዩተርም ሞክሬያለሁ፤ ካሹንም (ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ፋይል) አጽድቻለሁ። ቅጹ የሚዘጋው ነገ 11 ሰዓት ላይ ነው። የአሥራ አራት መምህራንን ማንነት በአንድ ሌሊት ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ። የተቋሜን ስም ባልጠቅስ ደስ ይለኛል።

ፒያሳ_ማኪያቶ | 1:34

ነጭ ባዶ ገጽ በሕይወቴ ካየኋቸው ሲቪዎች ሁሉ ውሸት የሌለበት ነው። ቀልዱን ልተወውና፣ የሚማሩት ምንድን ነው? ማስተርስ ነው ወይስ ዶክትሬት? ርዕስዎስ? ይህን ሳይነግሩን አማካሪ እንድንመርጥልዎ መጠየቅ በሽታውን ሳይናገሩ መድኃኒት እንደ መጠየቅ ነው።

ቢሮ_ቁጥር_7 | 1:41

እንዲህ ያለ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከብራውዘሩ ነው። ካሹን ያጽዱና እንደገና ይክፈቱት።

አራት_ኪሎ_ተራ_ጠባቂ | 1:52

ይቅርታ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነው የዘለልኩት። ትምህርቱ ሶሻል ወርክ ነው፤ ማስተርስ። ርዕሴ ከፒያሳና ከአካባቢው በመልሶ ማልማት ምክንያት ተነሥተው በከተማዋ ዳር የሰፈሩ አረጋውያን ከቀድሞ ዕድራቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት ይመለከታል። ፕሮፖዛሉ ጸድቋል። ካሹን አጽድቻለሁ።

ጡረተኛ_መምህር | 2:15

በዚህ ሙያ አጠገብ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ መልሴ ቢረዝምም በትዕግሥት ብታነቡት ይጠቅማል። የአንድን የሶሻል ወርክ መምህር የትምህርት ዝግጅት ለመረዳት ሙያው በአገራችን ያለፈበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምንለው ተቋም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ ከሶሺዮሎጂ ጋር ተዋሐደ፤ ሙያው በራሱ ስም ተመልሶ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2004 የማስተርስ ትምህርት ሲጀመር ሲሆን፣ ዶክትሬቱም በ2006 ተከተለ። በዚያ ጊዜ ዲን የነበሩት ዶክተር አብዬ ጣሰ የዓለም አቀፉ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንትም ነበሩ፤ በቺካጎ ከሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከጄን አዳምስ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ትብብርም ከባሕር ማዶ የመጡ መምህራን እየተመላለሱ ያስተምሩ ነበር።

ይህን የምተርከው ለትዝታ አይደለም። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ያህል ክፍተት ስላለ፣ በዚያ ዘመን የመጀመሪያ ዲግሪውን እዚሁ አገር የያዘ ሰው «ሶሻል ወርክ» የሚል ወረቀት ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ መምህር የመጀመሪያ ዲግሪው ሶሺዮሎጂ ወይም ሳይኮሎጂ ወይም ሕግ ሆኖ ብታገኙት ከሙያው ውጭ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወጣቱ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪው ጀምሮ ሶሻል ወርክን ብቻ የተማረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አንድን ፕሮፖዛል በአንድ ዓይን አያዩትም።

ፒያሳ_ማኪያቶ | 2:22

ጋሼ፣ ትረካዎ እንደ ጥሩ የዕድር ስብሰባ ይጣፍጣል፤ ቅጹ የሚዘጋው ግን ነገ ነው፤ እኛ ገና 2004 ላይ ነን።

ቀጥተኛው | 2:30

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። መምህራን «የጥናት ዝንባሌ» ብለው የሚያስቀምጡትን አንብበህ ታውቃለህ? ሕፃናት፣ ሴቶች፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ስደት፣ የአእምሮ ጤና፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ልማት። ይህ የአገሪቱ ችግሮች ዝርዝር ነው እንጂ የአንድ ሰው ዝንባሌ አይደለም። ገጹ ቢከፈትልህም ከአሥራ አራቱ አሥሩ ያንኑ ጽፈው ታገኛለህ። መጠየቅ ያለብህ ማን ረቂቅ አንብቦ በሁለት ሳምንት ውስጥ በእርሳስ አስምሮ ይመልሳል ብለህ ነው። ከአንተ በፊት የተመረቁትን ፈልገህ ይህን ብቻ ጠይቃቸው። እኔን ያማከሩኝ ሰው በርዕሴ ላይ ከእኔ የበለጠ ዕውቀት አልነበራቸውም፤ ግን ስልክ ያነሡ ነበር፣ ስለዚህም ተመረቅሁ።

አራት_ኪሎ_ተራ_ጠባቂ | 2:38

እህትህ ነኝ። የምትለው ገብቶኛል፤ ሣጥኑን ግን «ስልክ ያነሣሉ» ብዬ ልሞላው አልችልም።

ፒያሳ_ማኪያቶ | 2:40

እኔ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብሆን ይህን ብቻ አይቼ አጸድቀው ነበር።

ኔትዎርክ_የለም | 2:47

ካሹን አጽድተዋል?

የመደርደሪያ_ሰው | 3:05

ለብዙ ዓመታት በቤተ መጻሕፍት ስለሠራሁ፣ ገጹ ባይከፈትም የሚፈልጉት መረጃ በሦስት ቦታ እንደሚገኝ አውቃለሁ። ሁሉም ዛሬ ማታ በስልክዎ ሊደርሱባቸው የሚችሉ ናቸው።

በመጀመሪያ የመምህሩን ዝንባሌ ከጻፉት ይልቅ ካማከሩት ይወቁት። በየመመረቂያ ጥናቱ የመጀመሪያ ገጾች ላይ የአማካሪው ስም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶች ማከማቻ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፤ ሌሎች ተቋማትም እንዲህ ያለ ማከማቻ አላቸው። የመምህሩን ስም በዚያ ፈልገው ያማከሯቸውን ጥናቶች ርዕስ በወረቀት ላይ ይደርድሩ። በገጻቸው ላይ ስለ ሕፃናት የጻፉ መምህር ካማከሯቸው ስምንት ጥናቶች አምስቱ ስለ ዕድርና ስለ ዕቁብ ሆነው ቢያገኟቸው አይደነቁ።

ቀጥሎ የመምህሩን የራሳቸውን የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ጥናት ያውጡ፤ ከዋናው ጽሑፍ በፊትም የምስጋናውን ገጽ ያንብቡ። ሰው በሲቪው ላይ የማይጽፈውን እዚያ ይጽፈዋል። «በዚህ ድርጅት ውስጥ አብረውኝ ለሠሩ ባልደረቦቼ»፣ «ቤታቸውን ከፍተው ላነጋገሩኝ የዚህ ቀበሌ እናቶች» የሚል ዓረፍተ ነገር አንድ ሙሉ የሥራ ልምድ ይናገራል።

በመጨረሻ፣ የጥናት ጽሑፎች በሚፈለጉበት በጉግል ስኮላር ሲፈልጉ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የፈረንጆቹ መዝገቦች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩ የመምህሩ የራሳቸው ስም ወደ አንድ ፊደል አጥሮ ይቀራል። ስለዚህ በአባታቸው ስም ይፈልጉ። የእኛ «ጸ»፣ «ቀ»ና «ኘ» ደግሞ በላቲን ፊደል በሁለትም በሦስትም መልክ ስለሚጻፉ፣ በአንዱ ያልተገኘው ጽሑፍ በሌላው ሊገኝ ይችላል። አንድ መምህር በአንዱ መጽሔት ላይ የአያታቸውን ስም ጨምረው፣ በሌላው ትተውት ሁለት ሰው ሆነው የቀሩበትን ጊዜ አስታውሳለሁ።

የመስክ_ተቆጣጣሪ | 3:26

ከላይ ያለው ምክር ትክክል ነው፤ የሥራ ልምድ የሚለውን ግን አቅልላችሁ አትዩት። እኔ በሆስፒታል ሶሻል ወርከር ነኝ፤ ለመስክ ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን እቀበላለሁ፤ መምህራኑም ሊከታተሏቸው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ሦስት መምህራን በአንድ ቀን ተገናኝተው አንዲት ተማሪ ያቀረበችውን አንድ ጉዳይ ሰሙ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ከሆስፒታል እንዲወጡ ተፈቅዶላቸዋል፤ የሚወስዳቸው ሰው ግን አልመጣም።

ቀድሞ በሆስፒታል የሠሩት መምህር የጠየቁት የደም ግፊት ኪኒኑን ማታ ማታ ማን እንደሚሰጣቸውና ቤታቸው ደረጃ ያለው መሆን አለመሆኑን ነው። በማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ውስጥ ያደጉት ደግሞ ዕድራቸው የት እንደሆነ፣ መዋጮ ካቋረጡ ስንት ወር እንደሆናቸውና የዕድሩ ጸሐፊ ስልክ በማን እጅ እንደሚገኝ ጠየቁ። ሦስተኛው ሕግ ተምረው ኋላ ወደ ሶሻል ወርክ የመጡ ናቸው፤ እሳቸውም የቀበሌ ቤቱ ውል በማን ስም እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ምንም ነገር መነጋገር እንደማይቻል ተናገሩ። ተማሪዋ ሦስቱንም ጥያቄ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ለሦስቱም መልስ አልነበራትም። በማግስቱ መጀመሪያ የደወለችው ለዕድሩ ጸሐፊ ነበር፤ እናቲቱን ወደ ቤታቸው ይዘዋቸው የሄዱትም የዕድሩ ሰዎች ናቸው።

ለእርስዎ የምለው ይህን ነው። ርዕስዎ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች አሉ፦ እርጅናው፣ ዕድሩና ከቦታ መነሣቱ። ሊከራከርዎት የሚገባው ሰው የሚለየው ከሦስቱ የትኛው የጥናቱ ወገብ እንደሆነ ሲወስኑ ነው። በአረጋውያን ጤና ላይ የሠሩ ሰው ዕድሩን በአንድ አንቀጽ ሊያልፉት ይችላሉ፤ በከተማ መልሶ ማልማት ላይ የሠሩት ደግሞ አረጋውያኑን ከሌላው ተነሺ ሳይለዩ ሊደምሯቸው ይችላሉ።

ጡረተኛ_መምህር | 3:40

የመስክ ተቆጣጣሪዋ ያሉት የእኔን ረጅም ንግግር በአጭሩ ተክቶታል። ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ። ማዕረግ አያታልልሽ። ፕሮፌሰርነት ብዙ መጻፍን ያሳያል እንጂ ዕድር ቤት ገብቶ መቀመጥን አያሳይም። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ፣ መምህራኑ ለቡና ከክፍል ሲወጡ፣ ከመረጥሻቸው ከአንዱ ጋር ቆመሽ ርዕስሽን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው። ከርዕሱ ጋር የሚቀራረብ ሰው ወዲያው ይጠይቅሻል፤ የማይቀራረበው «ጥሩ ርዕስ ነው» ይልሻል።

ቀጥተኛው | 3:48

«ጥሩ ርዕስ ነው» ስለሚለው በሚገባ ተናግረዋል፤ እኔንም አራት ሰዎች እንዲያ ብለውኛል። ሆኖም በአቋሜ እንደጸናሁ ነኝ። እርጅናን፣ ዕድርንና ከቦታ መነሣትን የሚያውቁ ሰው ረቂቁን ለአምስት ወር በመሳቢያ ካቆዩት ዕውቀታቸው ለመሳቢያው ነው።

አራት_ኪሎ_ተራ_ጠባቂ | ከምሽቱ 5:10

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመደርደሪያ ሰው መንገድ ስድስቱን መምህራን አይቻለሁ። አንዱ፣ ቀድሞ በነበረው ገጽ ላይ «የሕፃናት ጥበቃ» ብቻ ብለው የጻፉ እንደነበሩ አስታውሳለሁ፤ ካማከሯቸው ጥናቶች መካከል ግን ሁለቱ ስለ ዕድር፣ አንዱ ስለ አረጋውያን መጦሪያ ነው። የራሳቸው የማስተርስ ጥናት ምስጋና ደግሞ በአንድ ሰፈር ውስጥ ለሚገኙ የዕድር ሊቀ መናብርት የቀረበ ነው። ይሁንና በገጻቸው ላይ የሌለውን በሣጥኑ ውስጥ ብጽፍ ኮሚቴው ይቀበለዋል? ወይስ «አረጋውያን» ብለው በግልጽ የጻፉትን ሴት መምህር ላስቀድም? የስልኬ ባትሪ እያለቀ ነው፤ መብራትም የለም።

የመደርደሪያ_ሰው | 5:18

የዕድሩን ሰው ያስቀድሙ። በሣጥኑ ውስጥ ያማከሯቸውን የሦስቱን ጥናቶች ርዕስና ዓመት ይጻፉ፤ ኮሚቴው ይህን የሚጠራጠርበት ምክንያት የለም። መምህርቷን ሁለተኛ ያድርጓቸው።

የመስክ_ተቆጣጣሪ | 5:25

እስማማለሁ፤ ግን መጀመሪያ በዚህ ዓመት ስንት ተማሪ እንደያዙ ይጠይቋቸው። የሞላባቸው ከሆኑ የእርስዎ አንደኛ ምርጫ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

ቢሮ_ቁጥር_7 | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:50

ካሹን ማጽዳት ካልሠራ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት።

ፒያሳ_ማኪያቶ | ሰኞ፣ 4:05

11 ሰዓት ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። ቅጹን አስገቡት? የሕፃናት ጥበቃው መምህር ጥያቄ ጠየቁዎት ወይስ «ጥሩ ርዕስ ነው» አሉዎት?

ጡረተኛ_መምህር | ረቡዕ፣ 3:30

እኔም መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ገና_ሁለተኛ_ዓመት | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:15

ይህን ውይይት ዛሬ ነው ያየሁት፤ ከጠያቂዋ ጋር የአንድ ክፍል ተማሪ ሳልሆን አልቀርም፤ የእኛም ገጽ እስከ አሁን ነጭ ነው። በሁለተኛው ፎቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ ሥር፣ የአማካሪ ምርጫ ቅጽ መቀበያ ጊዜ በሁለት ሳምንት መራዘሙን የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። ቀኑ ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ይላል።