የአንኮበርና የጓሳ ባለ 360 ዲግሪ ጉብኝት፦ ዕቅዱን አብረን እንጨርስ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን ወገኖች። ሰሜን ሸዋን ዙሪያውን ሁሉ በሚያሳይ የ360 ዲግሪ ፎቶ፣ በስልክና በኮምፒውተር የሚያስጎበኝ ሥራ እንሥራ ብለን ተስማምተናል። ረቂቁ ላይ አራት ቦታ አለ፤ አንኮበር፣ መንዝ ያለው የጓሳ ሣር ምድር፣ የጣርማ በር የመኪና መንገድ ዋሻና ደብረ ብርሃን ከተማ ያለው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን። የትኛው ይቅደም? በምንስ ሶፍትዌር? ሐሳባችሁን ጻፉ።

የአንኮበር አስጎብኚ፦
አንኮበር ይቅደም። አንድ አደራ ግን አለኝ። ኮረብታው አናት ላይ ያለው ሎጅ የምኒልክን ቤተ መንግሥት መልክ ይዞ በኋላ የተሠራ ነው። ከጥንቱ የቀረው የግንብ ግድግዳ ነው። ብዙ እንግዳ ሎጁን ፎቶ አንስቶ «የምኒልክ ቤት» ብሎ ይሄዳል፤ ግድግዳውን ዞር ብሎ አያየውም። በእኛ ጉብኝት ይህ መደገም የለበትም። ግድግዳው ላይ የሚነካ ነጥብ ይኑር። ሲነኩት የበርናትስ ሥዕል ይከፈት። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣ ሠዓሊ ነው፤ አንኮበርን በዓይኑ አይቶ ስሏታል። ሥዕሎቹ የቆዩ ስለሆኑ የባለመብት ጥያቄ የለባቸውም።

የአይሲቲ መምህርቷ፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። ሶፍትዌሩን እኔ ስሞክር ሰነበትኩ። ፓኖቱቪአርና ስሪዲቪስታ ጎበዝ ናቸው፤ ግን ይከፈልባቸዋል። ፓኔለም ነፃ ነው፤ ኮድ መነካካት ይፈልጋል። የእኔ ምርጫ ኤችፋይቭፒ (H5P) የሚባለው የትምህርት ይዘት መሥሪያ ነው፤ ሉሚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሲያልቅ ሁሉንም በአንድ ፋይል ያወጣዋል። በፍላሽ ገልብጠን ኔትወርክ የሌለበት ትምህርት ቤት ድረስ እንወስደዋለን። ድምፅም ጥያቄም ይገባበታል። ፎቶውን እንዳለ ስከተው የትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ፤ ወደ 4096 በ2048 ፒክስል ሳሳንሰው እሺ አለ።

ነጥቡን ደግሞ «ሆትስፖት» ባንለው ደስ ይለኛል። ልጆቹ የስልክ ዋይፋይ ይመስላቸዋል።

የቅዳሜውን ሙከራ ልንገራችሁ። የ360 ካሜራው ፊትና ኋላ ሁለት ሌንስ አለው፤ ሁለቱን ምስል ይገጣጥማቸዋል። አንድ አባት ከጎኑ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመው ነበር። ስንከፍተው ዘንጋቸው መሃሉ ላይ ተቆርጧል፤ የጋቢያቸው ጥለትም ሁለት ቦታ ወጥቷል። እሳቸውን እንደዚያ አድርጌ ለሰው ማሳየት አልችልም። ሰው ሁልጊዜ ሌንሱ ፊት ለፊት፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይቁም። ይህ ዕቅዱ ውስጥ ይግባልኝ።

ከመንዝ፦
እኔም ስለ አባቶች ነው የምናገረው። ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ብቻ ካሳየን ግማሹን ትተነዋል። ያንን ሣር ለዘመናት ያቆየው ቄሮ የሚባለው የአባቶች ሥርዓት ነው። ግጦሽና አጨዳ ለዓመታት ይከለከል ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ይፈቀድ ነበር። ቤት የተከደነው፣ ገመድ የተገመደው በዚያ ሣር ነው። ይህንን ሌላ ተራኪ አያንብበው፤ ያዩት ሽማግሌዎች ራሳቸው በመንዝ አነጋገራቸው ይንገሩን። ድምፃቸው የት እንደሚሄድ አስቀድመን እናስረዳቸው፣ ይፍቀዱልን። ለጭላዳዎቹ ካሜራውን አስቀምጠን ራቅ ብለን በስልክ እናንሳ፤ አናባርራቸው።

ጊዜውም ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን። በክረምት ጉሙ አያሳይም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ረቂቁ እንዲህ ተስተካክሏል፦ «ማኅበሩ በመጀመሪያ የአንኮበርን ጉብኝት በስድስት ቦታ ይሠራል፤ ጓሳ ይከተላል። አሮጌውና አዲሱ ግንባታ ለየብቻ ይገለጻል። ሽማግሌዎች ፈቅደው በራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ። ሥራው ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።» ጣርማ በርና ሥላሴ ለሚቀጥለው ዙር ይቆዩ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ አስቀድሞ የካህናቱን ፈቃድ መጠየቅ አለብን።

የአንኮበር አስጎብኚ፦
«አሮጌው» የሚለውን «ከጥንቱ የቀረው» በሉልኝ። ቅዳሜ የቆሙትን አባት እኔ እጠይቃቸዋለሁ፤ ዘንጋቸውን ይዘው ይመጣሉ።