አዋሽ ላይ «የባከነ ውሃ» የሚባለው የቱ ነው?

ከሰም ማዶ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንዱ እንግዳ «አዋሽ ክረምት ሜዳ ላይ የሚያፈሰው የባከነ ውሃ ነው፤ ዳር ዳሩን በአፈር ክበን መስኖ እናድርገው» ሲል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። አዋሽ ባሕር እንኳ አይገባም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ ነው የሚቀረው። ማን ወስዶብን ነው ባከነ የሚባለው?

የወንጂ ልጅ፦ ቃል አትሰንጥቅ። እኔን ያሳደገኝ ሸንኮራ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ሥራ ሲጀምር ያ ሁሉ ሜዳ ምን ነበር?

አሳይታ፦ ሣር ነበራ! ጎርፍ የተኛበት መሬት ነው በጋ ላይ ከብት የሚያወጣው። ከመተሐራ እስከ ዱብቲ ሸንኮራውም ጥጡም የተተከለው እዚያው ሣር ላይ ነው። ከዚያ አርብቶ አደሩ «ማሳ ገባ» ይባላል።

ደለል፦ የ2012ቱን ነሐሴ ረሳችሁት? አፋር ላይ ያን ያህል ሕዝብ ሲፈናቀል «ሣር ይበቅላል» ብላችሁ አጽናናችሁት? በ1952 ያለቀውን የቆቃ ግድብ ደለል በልቶታል፤ ከላይ ያለው ተራራ እርከን ካልተሠራለት ታች ብትጨቃጨቁ ዋጋ የለውም።

አሳይታ፦ እርከኑን ማን ጠላ? ግን አንዱን ዳር ስትክብ ውሃው ማዶ ያለው ሰው ቤት ነው የሚገባው።

የወንጂ ልጅ፦ ሜዳውን ለጎርፍ ብትለቁት ሣር አይምሰላችሁ የሚበቅለው። ያ እሾህ ነው፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ዛፍ።

ከሰም ማዶ፦ «የደርግ ዛፍ» በለው፣ ያመጣውን ታውቃለህ።

ደለል፦ እኛ ጋ «ወያኔ» ነው የሚባለው 😂

ከሰም ማዶ፦ ይኸው ፖለቲካ ጀመርክ።

ደለል፦ ደርግን ማን ጠራ?

አቃቂ በር፦ ከሰል አድርጎ መጨረስ ነው እንጂ ስሙ ምን ያደርጋል።

አሳይታ፦ ከሰል ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ፍየል ፍሬውን በልታ ዘሩን በፋንድያ ትዘራዋለች። አንተ ግን አዲስ አበቤ፣ በአቃቂ ወንዝ የአባ ሳሙኤልን ግድብ አልፎ የሚመጣው የፋብሪካችሁ ዝቃጭስ? እሱ አልባከነም፣ በደንብ ይደርሰናል።

አቃቂ በር፦ እኔ ፋብሪካ አለኝ እንዴ?

የወንጂ ልጅ፦ ወደ ነገሩ ተመለሱ። የአፈር ካብ አይሠራ የምትሉ ሰዎች፣ ወንጂ ያሉ መንደሮች በካብ ተከልለው እንደሚኖሩ ታውቃላችሁ?

ከሰም ማዶ፦ እናውቃለን። ያ ካብ ተደርምሶ ውሃ ቤታችሁ ሲገባ ግን «ባከነ» ስትሉ አልሰማንም፤ «አደጋ» ነው የምትሉት።

የወንጂ ልጅ፦ አሁንም ቃል ትሰነጥቃለህ።