ቶኪዮን ከአባቴ ጋር በእግር፦ የግል አስጎብኚ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ?

የአባቷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ኅዳር 17 አባቴ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ከዚህ ተነስተን ቶኪዮ ልንገናኝ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬትም ተቆርጧል። ያለን ሦስት ቀን ብቻ ነው።

አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ አባቴ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው እንደሰሙ ሲያወራ ነው ያደግኩት። «አበበ የሮጠበትን መንገድ በእግሬ ብረግጠው» ይላል ሁልጊዜ። ጉዞውም የተነሳው ከዚህ ነው።

ችግሩ ጉልበቱን ያመዋል። ሳያርፍ ከግማሽ ሰዓት በላይ መሄድ ይከብደዋል። የነቢያት ጾምም ገብቶ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ በጾም ዓሣ አይቀምስም። ለአንድ ቀን የግል አስጎብኚ ልይዝ አሰብኩና ድርጅቶቹን ሳይ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ አሳኩሳና ሺቡያ የሚባሉ ሰፈሮች፣ ሜጂ ጂንጉ የሚባል ቤተ መቅደስ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ያያችሁት ካላችሁ ያዋጣል? «እኛ ወደምንፈልገው ቦታ ውሰደን» ማለትስ ይቻላል?

ሺንጁኩ፦
እህቴ፣ እዚህ ስኖር ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ለመጀመሪያው ቀን ያዢ። ምክንያቱ ደግሞ ታሪኩ አይደለም፣ ታሪኩን አባትሽ ከማንም በላይ ያውቁታል። ምክንያቱ ባቡር ጣቢያው ነው። ሺንጁኩ ጣቢያ ከ200 በላይ መውጫ አለው። ሊፍት አለ፣ ግን ሊፍት ያለው መውጫ አንዳንዴ ከምትሄጂበት በተቃራኒው በኩል ነው፣ ያንን ስትፈልጊ የሳቸው ጉልበት ገና ጉብኝቱ ሳይጀመር ያልቃል። ጥሩ አስጎብኚ የትኛው ፉርጎ ላይ ብትሳፈሩ ሊፍቱ ፊት እንደምትወርዱ ሳይቀር ያውቃል። ገንዘቡን የምትከፍዪው ለዚህ ነው።

መንገዱን እኔ ልንገርሽ። ጠዋት ብሔራዊ ስታዲየሙ ጋ ጀምሩ። አበበ የገባበት የድሮው ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ2015 ፈርሷል፣ አዲሱ እዚያው ቦታ ላይ በ2019 ተሠርቶ አልቋል። ሰለሞን ባረጋ እ.ኤ.አ. በ2021 በ10,000 ሜትር ወርቅ የወሰደው እዚሁ ነው፣ ለአባትሽ ይህንንም ንገሪያቸው። ከስታዲየሙ አጠገብ በግራና በቀኝ የጊንኮ ዛፍ የተሰለፈበት 300 ሜትር ገደማ የሚሆን ጎዳና አለ። እናንተ በምትመጡበት ሳምንት ቅጠሉ ወርቅ ይመስላል። ሜዳ ነው፣ መቀመጫም አለ፣ ቀስ እያላችሁ ሂዱ።

ከዚያ ሺንጁኩ ሄዳችሁ በኬዮ መስመር ወደ ምዕራብ ተሳፈሩ። አበበ ሺንጁኩን አልፎ ኮሹ ካይዶ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ነው የሮጠው፣ ባቡሩም ያንኑ አቅጣጫ ነው የሚከተለው። ቶቢታኪዩ የሚባል ጣቢያ ውረዱ፣ ወደ ግማሽ ሰዓት ነው። እዚያ በእግር ትንሽ እንደሄዳችሁ፣ ጎዳናው ዳር፣ ሯጮቹ የዞሩበት ቦታ ላይ የመታሰቢያ ምልክት ቆሟል። መኪና ይበዛበታል፣ ቱሪስት የለም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ብቻዬን ነበርኩ። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው እዚህ ደርሶ ዞረ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድም ጨረሰ። ቆሜ አለቀስኩ።

ማኅደር፦
እኛ ባለፈው ዓመት ከባለቤቴና ከእናቱ ጋር ይዘን ነበር። የድርጅቱን ስም ልተወው። አስጎብኚው ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን ፕሮግራሙን ለመጨረስ ይሮጣል፣ ሁለት ጊዜም ያልጠየቅነው ሱቅ አስገብቶናል። አማቴ ሦስተኛው ቦታ ላይ «እኔ እዚህ ልቀመጥ፣ እናንተ ዙሩ» አሉ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት በጽሑፍ ላኪላቸው። ሁለት ቦታ ብቻ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እረፍት፣ ደረጃ የለም፣ ሱቅ የለም ብለሽ። መልሳቸውን ስታይው ታውቂያቸዋለሽ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በቡድን፣ የአስጎብኚው የባቡርና የመግቢያ ሒሳብ የማን ነው፣ ይህንንም ጠይቂ። ሌላው ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ያለ መንግሥት ፈቃድ በክፍያ ማስጎብኘት ክልክል ነበር፣ አሁን ማንም ይችላል። ፈተናውን ያለፉት መታወቂያ አላቸው፣ ከእነሱ ምረጪ። ቲፕ የሚባል ነገር ግን እዚያ አልተለመደም፣ አትጨነቂ።

መንገደኛ፦
እኔ አልስማማም። ለስታዲየሙ አስጎብኚ ምን ያደርጋል? ታክሲ ያዢ፣ በሩ ራሱ ይከፈትልሻል፣ አድራሻውን በስልክ ታሳዪዋለሽ፣ አለቀ። አሳኩሳም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ብትሄዱ ሰንሶጂ ቤተ መቅደስ ባዶ ነው፣ አባትሽ በእርጋታ ያዩታል። ሜጂ ጂንጉ ግን መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ለጉልበት አይመከርም።

ሺንጁኩ፦
መንገደኛ፣ ስለ ታክሲውና ስለ ጠጠሩ ልክ ነህ። ምግቡንስ ማን ይጠይቅላቸዋል? እዚህ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ሁሉ ዳሺ የሚባል መረቅ አለበት፣ ዳሺ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቅ ዓሣ ነው የሚሠራው። ኑድሉም መረቁም ውስጥ ይገባል። አስተናጋጁን «ሥጋ የለበትም?» ብትዪው «የለበትም» ይልሻል፣ እውነቱን ነው፣ ዓሣውን ግን አልጠየቅሽውም። ሾጂን ርዮሪ የሚባል የቡድሂስት መነኮሳት ምግብ አለ፣ ሥጋም ዓሣም አይገባበትም። አስጎብኚው ቀድሞ ይያዝላችሁ። አንድ ቀን ደግሞ ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ ውሰጃቸው፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ሰፈር ነው፣ ሽሮ አያጡም።

ገንዘቡ ከከበደሽ ደግሞ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚዎች አሉ። የምትሸፍኚው ትራንስፖርታቸውን፣ ምሳቸውንና መግቢያቸውን ነው። ቀደም ብለሽ ማመልከት አለብሽ። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ስታመለክቺ «ከተቻለ የ1964ቱን (በእኛ 1957) ኦሎምፒክ የሚያስታውስ ሰው» ብለሽ ጻፊ። ጃፓኖች «አቤቤ» ነው የሚሉት፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ስሙን ሲሰማ ፊቱ ይበራል። አባትሽና እሱ እኩዮች ናቸው፣ አንቺ በመሃል እያስተረጎምሽ ሁለቱ ያን ቀን ሲያወሩ አስቢው።

የአባቷ ልጅ፦
ሺንጁኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ልክ እንዳልከው ጽፌ ላክሁ፣ ማኅደር ያለችውንም እረፍትና ደረጃ ጨምሬ። ዛሬ መልስ መጣ። የ74 ዓመት ሰው ናቸው፣ ያን ጊዜ ኮሹ ካይዶ ዳር ከትምህርት ቤታቸው ልጆች ጋር ቆመው ባንዲራ ያውለበልቡ ነበር። ለአባቴ ደውዬ ስነግረው ዝም አለ፣ ከዚያ «ምን ይዤላቸው ልምጣ?» አለኝ። ቡና ያምጣ አልኩት። የታሸገ የተቆላ ቡና ጃፓን ይዞ መግባት ያስቸግራል እንዴ?

ሺንጁኩ፦
የተቆላና የታሸገ ከሆነ እኔ ሁሌም አስገባለሁ፣ ሲጠይቁት ያሳያቸው። ስትደርሱ ጻፊልኝ፣ ቶቢታኪዩ ጣቢያ መጥቼ እጠብቃችኋለሁ።